ሙዘኒ በኪታባቸው መግቢያ ያሳሰቡት

ኢማም ሻፊዒ በ204 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 820) ግብፅ ላይ ሲያልፉ ዕውቀታቸውን ለትውልድ ካቆዩ ደረሶቻቸው አንዱ ኢስማዒል አል-ሙዘኒ ነበሩ። ሙዘኒ የመምህራቸውን ፊቅህ አሳጥረው «ሙኽተሶር»ን ጻፉ። ገና በመግቢያው ግን ሻፊዒ እሳቸውንም ሆነ ሌላ ዓሊም በተቅሊድ፣ ማለትም ደሊሉን ሳይመረምሩ፣ መከተልን እንደከለከሉ ለአንባቢው ያሳስባሉ። ይህ ኪታብ ለዘመናት የሻፊዒ መዝሀብ መሠረት ሆኖ ተቀርቷል። መዝሀብን ከጭፍን ተከታይነት ጋር አንድ አድርገው የሚከሱ ሰዎች ይህን መግቢያ ቢያዩት ክሳቸው ይለዝብ ነበር። ሻፊዒ ራሳቸው ከኢማም ማሊክ ዘንድ «ሙወጧእ»ን ቀርተው በብዙ ጉዳይ ከመምህራቸው ተለይተዋል፤ ባግዳድ ላይ የያዙትን አቋምም ግብፅ ከገቡ በኋላ በየቦታው ለውጠዋል።

በሌላ በኩል ተቅሊድን ከሥሩ መንቀል አይቻልም። ቁርኣን በአል-በቀራ 170 የአባቶቻችንን መንገድ ብቻ እንከተላለን ያሉትን ይወቅሳል፤ በአን-ነሕል 43 ደግሞ የማያውቅ ሰው ዐዋቂን እንዲጠይቅ ያዛል። ገበሬው ወይም ነጋዴው የሐዲስ ዘጋቢዎችን ሊመዝን አይችልም፤ ዓሊም መጠየቁ ግዴታው ነው። በዐቂዳ ጉዳይ ክርክሩ ይጠብቃል፤ እንደ ሰኑሲ (እ.ኤ.አ. 1490 ያረፉ) ያሉ የአሽዐሪያ ሊቃውንት አማኙ የእምነቱን ማስረጃ ቢያንስ በጥቅሉ እንዲያውቅ አጥብቀው አሳስበዋል።

ለምሳሌ የሱብሒ ቁኑትን እንይ። ሻፊዒዮች በሁለተኛው ረከዓ ከሩኩዕ ቀና ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሐነፊዮች መከራ ካልገጠመ በስተቀር በሱብሒ ቁኑት የላቸውም። ሻፊዒዮች ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እስከ ዕለተ ሞታቸው በሱብሒ ቁኑት እንዳልተዉ የሚናገር የአነስ ሐዲስ ነው። ተቃዋሚዎቹ በሰነዱ ውስጥ ያለውን አቡ ጀዕፈር አር-ራዚን ደካማ ይሉታል፤ ቁኑቱ ለአንድ ወር ብቻ ቆይቶ መተዉን የሚገልጸውን ሌላ የአነስ ዘገባም ያቀርባሉ። ክርክሩ የተከበረና የጠለቀ ነው። ሐነፊም ሻፊዒም ባለበት ወሎ ውስጥ አንዱ ወጣት አባቱ ስላደረገ እጁን ይዘረጋል፤ ሌላው አንድ ኡስታዝ ሐዲሱ ዶዒፍ ነው ስላለው ይተዋል። አቡ ጀዕፈር ማን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም። ታዲያ ሁለተኛው ከተቅሊድ ወጥቻለሁ ብሎ የመጀመሪያውን በምን ይነቅፋል? የተከተለውን ሰው ብቻ ነው የለወጠው።

ኢብኑል ቀይም (እ.ኤ.አ. 1350 ያረፉ) እና ሸውካኒ (እ.ኤ.አ. 1834 ያረፉ) በተቅሊድ ላይ የጻፉት ሒስ ብርቱ ነው፤ ዛሬ ግን የእነሱ ስም ራሱ ክርክር መዝጊያ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ሸክሙ ከተከታዩ ይልቅ በመምህሩ ላይ ይከብዳል። ፈትዋ የሚሰጥ ሁሉ ከፍርዱ ጋር ደሊሉንና የተቃራኒውን ወገን ደሊል አብሮ ይንገር፤ ጠያቂውም ከየት የመጣ ነው ብሎ መጠየቁን አይፈር።