ጊታሩንስ ማን ያዳምጥልን?

ከቢቸናም እንምጣ ከሞጣ፣ ለእኛ ዘፈን ማለት ግጥም ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ጆሯችን የሚያሳድደው ሰሙንና ወርቁን ነው፤ ማሲንቆውስ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። በዚህች መጽሔት የሚወጡት የዘፈን ሂሶችም እንደዚያው ናቸው፤ ስንኝ ቆጥረው ያበቃሉ። ዛሬ ስለ አንድ ጊታር ተጫዋች እንጽፋለን፤ ስለ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም።

«ማን ነው ደግሞ እሱ?» የሚል መኖሩ አይቀርም። ማህሙድ አህመድን ግን የማያውቅ የለም። በ1975 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ኧረ መላ መላ» ሲቀረጽ አጃቢው አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ጊታሩም የሰላም ነው። እስቲ ዘፈኑን እንደገና ክፈቱትና ማህሙድን ለጥቂት ደቂቃ እርሱት። ጊታሩ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል። አይጮኽም፣ ድምፃዊውን አይሻማም፤ እሱን ብታወጡት ግን ቤቱ ይናዳል።

ዋናው ማስረጃችን በ1976 በራስ ሆቴል የተቀረጸው የአይቤክስ ሙዚቃ ነው፤ ከረጅም ዓመታት በኋላ በሸክላ እንደገና ታትሟል። ዘፋኝ የለበትም። የቃል ምርኩዛችንን ሲነጥቁን ምን እንሰማለን? የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ መሬቱን ሲደለድል፣ ጊታሩም በዘፋኙ ቦታ ቆሞ ዜማውን ሲናገር። እዚህ ላይ ችግር አለ፦ ማሲንቆ እንደ ሰው ድምፅ ይንሸራተታል፤ የጊታር አንገት ግን በብረት መስመር የተከፋፈለ ነው፣ ከአንዱ ድምፅ ወደሌላው የሚወስደውን ቀጭን መንገድ በነፃ አይሰጥም። ትዝታን ወይም አምባሰልን የሚጫወትበት ሰው ክሩን በጣቱ እየገፋ ያንን መንገድ መስረቅ አለበት። ሰላም ይሰርቃል፤ ያውም በፀሐይ።

ታዲያ ይህ ጃዝ ነው ወይ? አንዳንድ ጓደኞቻችን አይደለም ይሉናል። ጃዝ ከተባለ በለንደንና በቦስተን ተምሮ ቅኝታችንን ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር ያዋሐደው ሙላቱ አስታጥቄ አለ፤ አይቤክስ የዳንስ ባንድ ነው ባዮች ናቸው። ክርክሩን ዲማ ጊዮርጊስ ደጅ የጠና የቅኔ ተማሪ ይፍረደው። ልኩ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። የሚዘረፈው ግን ዕለት ዕለት አዲስ ነው፤ የትናንቱን ደግሞ የሚመጣ መሳቂያ ይሆናል። ልኩን ጠብቆ መዝረፍ ጃዝ ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል ነው?

ቅሬታም አለን። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ በካሴት ዘመን ያላጀበው ታዋቂ ድምፃዊ ጥቂት ነው። በዚያ ሁሉ ብዛት መካከል ጊታሩ መርፌና ክር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሰፍቶ ያልፋል። ሁለት ካሴት አከታትለን ስንሰማ የትኛው መግቢያ የማን ዘፈን እንደሆነ ይጠፋብናል። መቼም ገበያው ይቸኩል ነበር፤ ዘራፊው ግን ፋታ ይፈልጋል።

ለእኛ ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። ሰውየው ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ በፊት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቷል፤ የዘመናዊ ሙዚቃችንንም አመጣጥና እድገት ከ1896 እስከ 1974 ጽፏል። መነሻው የዓድዋ ዓመት ነው። መድረሻው ግን «ኧረ መላ መላ» ሊቀረጽ አንድ ዓመት ሲቀረው! የራሱን ምዕራፍ ለሌላ ሰው ትቶታል ማለት ነው። ያንን ምዕራፍ የሚጽፍ ሰው የካሴት ልባስ ቢያገላብጥ የዘፋኙን ፎቶግራፍ እንጂ የተጫዋቾቹን ስም ብዙ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ስለ ዘፈን የምትጽፉ ጓደኞቻችን፣ ከግጥሙ አጠገብ ጊታሩን፣ ቤዙንና ከበሮውን ማን እንደተጫወተ ጠይቃችሁ አስፍሩልን።