ሉተር ለትንሹ ልጁ ስለ ጻፈው ደብዳቤ

ሕፃናት ጸሎትን በደስታ እንዲወዱ ተብለው ከተጻፉት ጽሑፎች መካከል ደጋግሜ የማነበው አንድ አጭር ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ማርቲን ሉተር፥ ተቀባዩም አራት ዓመት የሞላው ልጁ ሐንስ ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የሉተርን ስም የምናውቀው በጥያቄና በመልስ ከተዘጋጀው ትንሹ ካቴኪዝሙ ጋር ነው፤ ያንን በቃሉ ያላጠና ልጅ ምን ይደርስበት እንደ ነበረ መናገር አያሻም። ያው ሰው ስለ ትንንሽ ፈረሶችና ስለ ከበሮ ለልጅ ሲጽፍ ማየት ግን የሚያስገርም ነው።

ደብዳቤው የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 19 ቀን 1530 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከኮቡርግ አምባ ነው። ሉተር በንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ የተወገዘ ስለ ነበረ፥ ባልንጀሮቹ ወደ አውግስቡርግ ጉባኤ ሲሄዱ እሱ ከዚያው ቀርቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ የአባቱን መርዶ ሰምቶ፥ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገብቶ እንዳለቀሰ፥ አብሮት የነበረው ሰው ለሚስቱ ጽፎላታል። እንግዲህ ሐዘን ላይ የተቀመጠ አባት ነው ለልጁ ጨዋታ የጻፈለት።

ነገሩም እንዲህ ነው። በአንድ ውብ የአትክልት ቦታ የወርቅ ልብስ የለበሱ ልጆች ከዛፍ ሥር ፍሬ ይለቅማሉ፤ ይዘላሉ፤ ይዘምራሉ፤ የወርቅ ልጓምና የብር ኮርቻ ያላቸው ውርንጭሎች አሏቸው። አባት የቦታውን ጌታ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው ብሎ ሲጠይቀው፥ መጸለይና መማር ጨዋም መሆን የሚወዱ ልጆች መሆናቸውን ይሰማል። ሐንስም እንዲሁ ቢሆን፥ ከባልንጀሮቹ ከሊፕስና ከዮስት ጋር ሊመጣ ይችላል።

ከዚህ ደብዳቤ የማመሰግነው አንደኛው ነገር ማስፈራሪያ የሌለበት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ልጆች ለብዙ ዘመን ፊደል በቈጠሩበት በኒው ኢንግላንድ ፕራይመር የታተመው የመኝታ ጸሎት፥ ሕፃኑን በዚያች ሌሊት ስለ መሞት ያሳስበዋል። እንዲህ ያለውን ጸልዮ የሚተኛ ልጅ ጨለማውን ቢፈራ በማን ይፈረዳል?

ነገር ግን በደብዳቤው ላይ አንድ ከባድ ነቀፌታ ሊነሣ ይችላል። ጸሎት የመግቢያ ዋጋ፥ ፈረሱና ከበሮውም ደመወዝ የሆኑ ይመስላሉ። ጸጋ በሥራ አይገዛም ብሎ አገር ያናወጠ ሰው፥ ለገዛ ልጁ ሲሆን ሒሳቡን ለወጠውን? የዚህ ዐይነቱ ንግድ ጉዳት ምን እንደሆነ በዐይኔ አይቻለሁ። በአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት፥ አባታችን ሆይን ሳይሳሳት ለጨረሰ ልጅ ከረሜላ ይሰጠው ነበር። ልጆቹ ጸሎቱን እንደ እሽቅድምድም ያበሩትና አሜን ሳይሉ እጃቸውን ይዘረጉ ነበር። ከረሜላው ባለቀ ጊዜ ጸሎቱም አለቀ።

እኔ ግን ሉተርን ከከረሜላው መምህር ጋር አልቈጥረውም። በጀርመንኛው ጌርን የምትባል ትንሽ ቃል አለች፤ በደስታ፥ በፈቃድ ማለት ናት። በአትክልቱ ያሉት ልጆች በደስታ የሚጸልዩ እንጂ ጸሎት የሚቈጠርባቸው አይደሉም። ደስታው ከደጁ በፊት ጀምሯል ማለት ነው።

ያ ደስታ ከየት ይመጣል ለሚለው፥ ያው ሉተር በ1529 ዓ.ም. ባሳተመው ካቴኪዝም ውስጥ ጥሩ ምክር አለው። ከጧት ጸሎት በኋላ እየዘመሩ ወደ ሥራ መሄድ፥ ከማታው በኋላም ደስ ብሎ ወዲያው መተኛት ነው። ጸሎቶቹ አጫጭር ናቸው። በእኛ አገር ግን ስንቱ ደግ አባወራ እራት ከተበላ በኋላ ሰፈሩንም መንግሥቱንም በጸሎቱ ሲያዳርስ፥ ሕፃኑ በጉልበቱ ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል! ከዚያም በቍንጥጫ ይቀሰቀሳል። ይህ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለምን ከጸሎት ሸሸ ብሎ መደነቅ አይገባም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለህ ጸሎታቸውን አታርምባቸው። አንዱ ስለ ጥጃዋ፥ አንዷ ስለ ወለቀው ጥርሷ ታመስግን፤ አትሣቅባቸውም። ጉልበታቸው ሳይደክም አሜን በል። መዝሙር ከወደዱ እያጨበጨቡ ይዘምሩ፤ ጭብጨባው ለጸሎቱ ዋጋ ሳይሆን ራሱ ጸሎት ነውና።

ከደብዳቤው ሁሉ እኔ የምወደው መጨረሻው ላይ ያለው ነው። ሉተር ለቦታው ጌታ፥ ሐንስ አክስቱን ሌናን ትቶ አይመጣምና ይዟት ይምጣ ብሎ ይለምናል፤ ይፈቀድለታልም። ልጅ ለጸሎት ሲንበረከክ፥ ዛሬ ማታ ማንን ይዘን እንሂድ ብለህ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ መልሱ አያቴን የሚል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ውሻውን።