የዶርዜ ሸማ በኮምፒዩተር ገበያ፦ ስለ ሸቀጥ መለያ ቃላት አተረጓጎም

የዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ ከጨንቻና ከአርባ ምንጭ ገበያ አልፎ እስከ ሽሮ ሜዳ ይታወቃል። በገበያ ገዢው ሸማውን ዳስሶና ተከራክሮ ይገዛል። በኢንተርኔት መደብር ግን በመካከል የፍለጋ ፕሮግራም ይገባል፤ እርሱም የዕቃውን ስም ከዋጋው በእርግጠኝነት የሚለየው በተወሰኑ መለያዎች ሲጻፍለት ነው። እነዚህን መለያዎች ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. «ስኪማ ዶት ኦርግ» በሚል ስም አውጥተዋል። መለያዎቹ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ፤ የተርጓሚው ድርሻ ትርጉማቸውን ለነጋዴው ማስረዳት ነው። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

«ዳታ» ለሚለው «ውሂብ» ማለት ተለምዷል። የላቲኑ ቃል «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ፣ ከግእዙ «ወሀበ» አቻ የሚሆነው «ውሁብ» ነበር፤ «ውሂብ» መስጠትን እንጂ የተሰጠውን አያመለክትም። ይሁን እንጂ ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ መንቀሉ አይበጅም። «ማርክአፕ» ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በንግድ ቋንቋ በዋጋ ላይ የሚጨመር ትርፍ ማለት ነውና። «መለያ አሰጣጥ» ቢባል ነጋዴው አይሳሳትም።

ከሁሉ የከፋው «ብራንድ»ን «የንግድ ምልክት» ማለት ነው። ይህ ስያሜ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የታወቀ ሕጋዊ ትርጉም አለው፤ ያልተመዘገበ መጠሪያን ሁሉ አይወክልም። ነጋዴው በዚህ ቦታ «ዶርዜ» ብሎ ቢሞላ ደግሞ የሕዝብ ስም የአንድ ሱቅ መጠሪያ ይመስላል። ስለዚህ መለያው «የአምራች መጠሪያ» ተብሎ ይተርጎም፤ «ዶርዜ» በዕቃው መግለጫ ውስጥ ይግባ። «ዱንጉዛ»ም «ባለ ቀለም ጨርቅ» ሳይባል በራሱ ስም ይጻፍ።

ትርጉም ቃልን ብቻ አይመለከትም። ዋጋው የሚጸናበትን ቀን የሚጠይቀው መለያ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ነው። ነጋዴው መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ለማለት 2018-01-01 ብሎ ቢጽፍ፣ ፕሮግራሙ ከታሰበው ቀን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ጊዜው ያለፈበት ዋጋ ነው ብሎም ዕቃውን ከነዋጋው ላያሳይ ይችላል። ትክክለኛው 2025-09-11 ነበር። «የሚጸናበት ቀን» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ ቃሉን አልሳተም፤ ሸማኔውን ግን ገበያ አሳጥቶታል። «በእ.ኤ.አ.» የምትለዋ አንዲት ቃል ብትጨመር ይበቃ ነበር።