የሕዝብ ቍጥርና የቦታው ነገር

በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ሦስተኛው የኢትዮጵያ የሕዝብና የቤት ቈጠራ 73,750,932 ነፍስ መዝግቧል። ከ1976 ዓ.ም. ቈጠራ ይልቅ የተሟላ መሆኑ አይካድም፤ ያን ጊዜ በጦርነት ምክንያት ቈጣሪ ያልደረሰባቸው የገጠር ክፍሎች በግምት ተሞልተው ነበርና።

ይሁን እንጂ የሥራው ጕድለት ከድምሩ ይልቅ በቦታ አመዘጋገቡ ይታያል። አፋርና ሶማሌ ክልሎች የተቈጠሩት ከሌላው አገር ስድስት ወር ያህል ዘግይቶ፥ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። አርብቶ አደር ግን ዝናምና ግጦሽ ተከትሎ የሚዘዋወር ስለ ሆነ፥ በኅዳር የተገኘበት ቀበሌ በግንቦት ከሚሰፍርበት ሊለይ ይችላል። ሠንጠረዡ ይህን ሳይለይ ሰውን ሁሉ በአንድ ስፍራ ያሰፍረዋል። ዐቃጅም ይህንኑ ብቻ ተመልክቶ ጤና ጣቢያ ቢያሠራ፥ በአንዱ ወራት ሰው ሞልቶበት በሌላው ባዶውን ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር የዘመን ነው። ሕገ መንግሥቱ በ103ኛው አንቀጽ ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል፤ ሆኖም ለ2010 ዓ.ም. የታቀደው አራተኛው ቈጠራ ተራዝሞ፥ በ2011 ዓ.ም. እንደገና ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ ዕቅድ የተመሠረተው በትንበያ ላይ ነው። ትንበያም የትናንቱን አሰፋፈር በዕድገት መጠን ያበዛል እንጂ፥ በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀለው ወዴት እንደ ሄደ አያውቅም።

ስለዚህ መጪው ቈጠራ የበጋና የክረምት መስፈሪያን፥ የጎሳውንም የግጦሽ መንገድ ለይቶ ሊመዘግብ ይገባዋል። ይህንንም ዕውቀት ለቈጣሪው ማቅረብ የባሕል አጥኚዎች ፈንታ ነው።