ዲ.ኤን.ኤ.ን ወደ መከላከያ ሕዋሳት ስለ ማስገባት፤ የሞቱትን ማን ይቈጥራቸዋል?

ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁት የደም ነጭ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ለይተው የሚያጠፉ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪው ዲ.ኤን.ኤ. ሊያስገባባቸው ሲሞክር ከብዙዎቹ ሌሎች ሕዋሳት ይልቅ ያስቸግሩታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ዘዴዎቹን አይደለም፤ ውጤታቸው የሚነገርበትን የአቈጣጠር ልማድ ነው እንጂ።

ከታወቁት መንገዶች ሦስቱን እንጥቀስ። አንደኛው ዲ.ኤን.ኤ.ውን በቅባት ጠቅልሎ ማስገባት ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1987 የተገለጸ ሲሆን በቲ ሊምፎሳይት ላይ ብዙ ጊዜ ይደክማል። ሁለተኛው የሕዋሱን ሽፋን በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ለጊዜው መብሳት ነው፤ በ1982 በአይጥ ሕዋሳት ተፈትኖ በ1984 ወደ አይጥ ሊምፎሳይቶች ተሻገረ። ሦስተኛው ጉዳት እንዳያደርስ የተለወጠ ቫይረስን መልእክተኛ ማድረግ ነው፤ በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ቲሳጀንሌክሉሴል የተባለው የደም ካንሰር ሕክምና የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ነቀፌታችን ይህ ነው። «ስድሳ በመቶ ተሳካ» ሲባል፣ ብዙ ጊዜ ከመቶው የሚቈጠሩት በሕይወት የተረፉት ብቻ ናቸው። ለምሳሌ 1,000,000 ሕዋሳት በኤሌክትሪክ ተመትተው 400,000 ቢተርፉ፣ ከእነዚህም 60 በመቶው ጂኑን ቢቀበሉ፣ የተገኙት 240,000 ናቸው፤ ይኸውም ከመነሻው 24 በመቶ ብቻ ነው። የዘራውን ቁና ሳያስብ ያጨደውን ብቻ የሚቈጥር ገበሬ ትርፉን ሊያውቅ አይችልም።

የሞቱ ሕዋሳት በመሣሪያው ውስጥ ሐሰተኛ ብርሃን ስለሚሰጡ ሊወጡ ይገባል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ከመለኪያው ማውጣት ሌላ፣ ከሒሳቡ መሰረዝ ሌላ ነው። የተረፉት በኋላ ይባዛሉ ለሚልም፣ መባዛታቸውን በየቀኑ ቈጥሮ ያሳይ እንላለን።

ከዚህም የበለጠ አንድ ችግር አለ። በ2013 የተገለጸው ሲጋስ የተባለው ፕሮቲን ዲ.ኤን.ኤ.ን ከኒውክሊየስ ውጭ ሲያገኝ የመከላከያ ማንቂያ ይሰጣል። እንግዲያው የተረፈው ሕዋስ የቀድሞው ሕዋስ ላይሆን ይችላል፤ ተመራማሪውም የጂኑን ሥራ ለካሁ ሲል የዘዴውን ቍስል ይለካል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ብቻ የተመቱ፣ እንዲሁም የሚፈለገው ጂን የሌለበትን ዲ.ኤን.ኤ. የተቀበሉ ሕዋሳት ለማነጻጸሪያ ጐን ለጐን ሊቀርቡ ይገባል።

ይህ የቍጥር ክርክር ብቻ አይደለም። በብርቱ መድኃኒት ደሙ ከተዳከመ በሽተኛ የሚወሰዱት ሊምፎሳይቶች ጥቂት ናቸው፤ በላቦራቶሪ ያልተቈጠረው ኪሳራ ለእርሱ የሕክምና ማጣት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ በየዘገባው አራት ቍጥሮች አብረው እንዲጻፉ እንጠይቃለን፤ ስንት ሕዋሳት ገቡ? ስንት ተረፉ? ስንቱ ጂኑን ያዙ? ከእነዚህስ ስንቱ ዛሬም ሥራቸውን ይሠራሉ?