«እሱን ማን ጠየቀው?»

ለክረምት (እዚህስ በጋ ነው) ከልጆቼ ጋር እንድናነበው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መረጥኩ። ባለቤቴ «ያን ሁሉ ገጽ ማን ይዘልቀዋል?» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙት የእኛን ቤት ልጆች አላሰቡም። ድምፅ ግን ያድነዋል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ያውቀዋል። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ያዳምጣሉ።

የማንኩሳው መግቢያ አስዛጋቸው። ወላጆቹ በዛብህን በስለት ለእግዚአብሔር ሲሰጡት ግን የ13 ዓመቷ ልጄ አቋረጠችኝ፤ «እሱን ማን ጠየቀው?» ጉዱ ካሳ ገና ሳይመጣ! እኔ መጽሐፉን ሁልጊዜ የማነበው በመሳፍንቱ ላይ እንደቀረበ ክስ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻን ስረግም የደጎቹን ወላጆች ስለት ዘልዬው ኖሬአለሁ። እሷ ወደፊት ምህንድስና እንደምታጠና የወሰንኩትም እኔው ነኝ።

«ነገ እንቀጥላለን» ብዬ ገጹን አጠፍኩት።