መጫኛው

ባቲ ሰኞ ነው፣ ሰንበቴ እሑድ። በጨፋ ሸለቆ ያደገ ሰው ሳምንቱን የሚቆጥረው በገበያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግመል ተጭኖ ገበያ ሲገባ አይታችሁ ከሆነ ይህንንም አስተውላችሁ ይሆናል፤ ጭነቱ እንደወረደ ባለቤቱ መጫኛውን ይጠቀልልና ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። እህሉ ለገበያተኛው ነው። መጫኛው ግን አይሸጥም፤ ገዢውም በምን ታስሮ መጣ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ግመል ነድቼ አላውቅም፤ ኑሮዬ ኮድ መጻፍ ነው። ነገር ግን በሙያዬ ካየኋቸው ዕቃዎች ሁሉ በጥበቡ የሚያስደንቀኝ አንዱ ልክ እንደ መጫኛ ያለ ነው። ስሙ ዶኩመንት ፍራግመንት ይባላል።

ድረ ገጽ ዓይናችን የሚያየው ጽሑፍና ሥዕል ይሁን እንጂ በብራውዘሩ ሆድ ውስጥ ዛፍ ነው። ከሥሩ ሰነዱ ራሱ አለ። ከእሱ ሠንጠረዥ ይወለዳል፣ ከሠንጠረዡ ረድፍ፣ ከረድፉ ሕዋስ፣ ከሕዋሱ ደግሞ ፊደሎቹ። እያንዳንዱ ኖድ ይባላል፤ ዝምድናውም የሚነገረው በወላጅና በልጅ ነው። ይህን ዛፍ በኮድ የምንነካካበት ውል ዶም ነው። የመጀመሪያው እትም በሎረን ዉድ ሰብሳቢነት በሠራው ቡድን ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ወጣ። ለየኖዱ ዓይነት ቁጥር ሰጡት፤ ኤለመንት 1፣ ጽሑፍ 3፣ ሰነዱ 9። 11 ቁጥር የደረሰው ለፍራግመንት ነው።

ፍራግመንት ልጆች ይኖሩታል፣ ወላጅ ግን መቼም አይኖረውም። የፈለጋችሁትን ያህል ረድፍ ትሰበስቡበታላችሁ፤ ከዚያ "አፔንድ ቻይልድ" ብላችሁ ሠንጠረዡ ላይ ታሳርፉታላችሁ። በዚያች ቅጽበት ልጆቹ ቅደም ተከተላቸውን ሳይለቁ የሠንጠረዡ ልጆች ይሆናሉ፤ እሱ ራሱ አይገባም። ሌላ ማንኛውም ዕቃ ቢሆን መያዣው ከነዕቃው በገባ ነበር፤ ገጹም በማያስፈልጉ ሳጥኖች በተሞላ ነበር። ፍራግመንት ባዶ እጁን ውጭ ይቀራል፤ መጫኛው ትከሻ ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን ባዶነት የተማርኩት በስህተቴ ነው። የገበያ ዋጋ የሚያሳይ አንድ ገጽ በሁለት ቋንቋ እየሠራሁ ነበር፤ ባቲና ሰንበቴ ያሉበት ዞን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የክልሉ ደግሞ አማርኛ ስለሆነ እኛ ጋ ገጽ ሲሠራ ሁለት ዓምድ ማሰብ ልማድ ነው። ዋጋዎቹን በአንድ ፍራግመንት ሰብስቤ በግራ ዓምድ አሳረፍኩ፤ ያንኑ ፍራግመንት በቀኝም አሳረፍኩ። ግራው ሞላ። ቀኙ ባዶ። የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። ግማሽ ቀን ኮዱን ከላይ ወደ ታች ስፈትሽ ዋልኩ። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያራገፍኩትን መጫኛ ዳግም ላራግፍ እየሞከርኩ ነበር። የዛፉ ሕግ ጥብቅ ነው፤ አንድ ኖድ በአንድ ጊዜ ያለው ወላጅ አንድ ብቻ ነው፣ ሌላ ቤት ሲገባ ከቀድሞው ቤት ይነቀላል። ለሁለት ቤት ከፈለግነው "ክሎን ኖድ" ብለን አስቀድመን ማባዛት አለብን፤ ያውም "ከነዘሩ" ብለን ካላዘዝነው የሚባዛው ራሱ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ይቀራሉ።

ብዙ ባለሙያ ፍራግመንትን የሚያወድሰው ለፍጥነቱ ነው። እውነት አለው፣ ግን ውዳሴው ተጋኗል፤ የዛሬዎቹ ብራውዘሮች ለውጡን አጠራቅመው ነው ገጹን የሚስሉት። እኔ የማደንቀው ሥነ ሥርዓቱን ነው። ዛፉን የሚከታተል ሌላ ኮድ ቢኖር ሁለት መቶ ረድፍ ሲገባ ሁለት መቶ ወሬ ሳይሆን "እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ገቡ" የሚል አንድ ወሬ ብቻ ይደርሰዋል።

ከዚህ የረቀቀው ግን መቁረጡ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2000 የወጣው ሁለተኛው እትም ሬንጅ የሚባል ነገር አመጣ፤ ከዛፉ ላይ "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ ማመልከቻ ነው። መነሻው አንዱ አንቀጽ መሐል፣ መድረሻው ሌላው አንቀጽ መሐል ቢሆንስ? ሰው በመዳፊት ጽሑፍ ሲመርጥ ሁልጊዜ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጋቢን እንዲህ መሐል ለመሐል ብትቀዱት ክሩ ይተረተራል። "ኤክስትራክት ኮንቴንትስ" የሚባለው የሬንጅ ትእዛዝ ቆርጦ ፍራግመንት ውስጥ ሲያስገባ ግን ሁለቱም ወገን ተቀምቅሞ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ በመካከል የወደቀው ኖድ ራሱ ተነቅሎ ወደ ፍራግመንቱ ይሄዳል። ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ የሆነው አንቀጽ ግን ከቦታው አይነሣም፤ ቅርፊቱ ይባዛል፣ የተቆረጠው ጽሑፍ በአዲሱ ቅርፊት ውስጥ ይገባል፣ የቀረው በአሮጌው ይቆያል። ቅርፊቱ ሲባዛ የቋንቋ ምልክቱም አብሮት ይባዛል፤ ኦሮምኛ ተብሎ የተጻፈው አንቀጽ በቁራጩም ላይ ኦሮምኛ ሆኖ ይቀጥላል። ለዓይነ ስውር ገጹን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ድምፁን የሚመርጠው በዚህ ምልክት ነውና ነገሩ ቀላል አይደለም። እንከን ከተባለ የአንቀጹ መለያ ስም፣ አይዲው፣ አብሮ መባዛቱ ነው፤ ቁራጩ ወደዚያው ገጽ ከተመለሰ ሁለት ኖድ በአንድ ስም ይጠራል። ያንን ማጽዳት ለእኛ ቀርቷል።

የ"ኤክስትራክት ኮንቴንትስ" ወንድም የሆነው "ሰራውንድ ኮንቴንትስ" ደግሞ ኩሩ ሠራተኛ ነው። ምርጫውን በአንድ ኤለመንት አልብስልኝ ስትሉት ምርጫው አንድ ኤለመንት እኩል ላይ የሚሰነጥቅ ከሆነ አልሠራም ብሎ ስህተት ይጥላል። ዛፉን ከማበላሸት ትእዛዝ አለመቀበልን ይመርጣል።

ሬንጅ ጽሑፍ ውስጥ ሲቆርጥስ? እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል የሚያኮራ ነገር አለው። ቅቤ በኦሮምኛ "ዸዻ" ነው። ለኦሮምኛ በተጨመረው በዚህ ፊደል ስንጽፈው ሁለት ፊደል ነው፤ ከአንደኛው ፊደል በኋላ ብንቆርጠው "ዸ" እና "ዻ" ሆኖ እያንዳንዱ ሙሉ ድምፅ ይዞ ይወጣል። በቁቤ ሲጻፍ ግን ሰባት የላቲን ፊደል ይፈጃል፤ "ዸ" የሚለው ድምፅ ዲ እና ኤች ተጣምረው ነው የሚጻፉት። በአንደኛው ፊደል ላይ ቢቆረጥ ዲ ወዲህ፣ ኤች ወዲያ ይቀራሉ፤ ሬንጅ ጥምረቱን አያውቀውም። ለግዕዝም ቢሆን ገደብ አለው። ቆጠራው የሚሄደው በዓሥራ ስድስት ቢት አሃድ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች ወደ ዩኒኮድ የገቡት ፊደሎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሆነው ይቆጠራሉ፤ በመሐላቸው ከተቆረጠ ፊደሉ ይሰበራል። የኦሮምኛም ሆነ የጉራጌ ጽሑፍ የምትቆርጡ ከሆነ መቁረጫ ነጥቡን ራሳችሁ አስሉ፤ ለዶም አትተዉት።

በኋላ የመጣው ቴምፕሌት የሚባለው ኤለመንት ፍራግመንትን ጎተራ ሰጠው። በሆዱ የተቀመጠ ረድፍ ሥዕል አይጭንም፣ ስክሪፕት አያስኬድም፤ ተባዝቶ ገጹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንደ ዘር ተኝቶ ይጠብቃል። አሁን የዋጋውን ገጽ የምሠራው እንዲህ ነው፤ አንድ ረድፍ ቴምፕሌት ውስጥ፣ ለየዕቃው አንድ ቅጂ፣ ለየቋንቋው አንድ ፍራግመንት።

ኮድ የምትጽፉ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ገጽ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ብራውዘሩ ላይ ኢንስፔክት የሚለውን ክፈቱና ሠንጠረዡን ረድፍ በረድፍ እዩት። በጉም፣ ማሽላውም፣ ቅቤውም በቦታቸው አሉ። 11 ቁጥርን በመካከላቸው ብትፈልጉት አታገኙትም።